የርቀት ነገር፦ የኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሕይወት ታሪክ

በጂኦግራፊ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ያረጀ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ ይገኛል። ጠርዙ የተቀደደ፣ ማጠፊያው የተሰነጠቀ ቢሆንም ከተሞቹና ወንዞቹ ገና ይነበባሉ። ባለፈው ዓመት መምህራችን እያንዳንዳችን እጅግ የተራራቁ ሁለት የአይሮፕላን ማረፊያዎችን መርጠን፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክተን፣ አንድ አይሮፕላን ያንን መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚጨርሰው በሒሳብ አስልተን እንድናቀርብ አዘዙን። ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ቶኪዮን፣ አንዳንዶቹ ኒው ዮርክን መረጡ። እኔ ግን ስቶክሆልምንና አዲስ አበባን መረጥሁ። ምክንያቱም በከተማችን በአሰላ ሽማግሌዎች ስለ ድሮው ሲጫወቱ የስዊድን ስም ሳይነሣ አይቀርም፤ በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለት ካዱ፣ መናገሻው አሰላ ነበረችና ነው። አያቴም በወጣትነታቸው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከዚያው ድርጅት ወስደው የዘሩ ገበሬ ናቸው።

የቤት ሥራዬን ባቀረብሁ ጊዜ መምህራችን ፈገግ ብለው፣ ይህን መንገድ ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ሰው በትንሽ አይሮፕላን መካከል ላይ ሳያርፍ እንደ በረረው ነገሩኝ። ስሙንም በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብብ ቆይቻለሁ። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ እንዳዋጣ በተጠየቅሁ ጊዜ የኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎች ለማቅረብ ወሰንሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ይህ ጉዳይ ልቤን ለምን እንደ ነካው ባጭሩ ልናገር። አያቴ የተወለዱት ከጭላሎ ተራራ ጀርባ ባለ የደጋ ቀበሌ ነው። ገና ጎልማሳ ሳሉ ታናሽ እኅታቸው በወሊድ ምጥ ታመሙ። የቀበሌው ሰዎች በቃሬዛ አድርገው ሌሊቱን ሙሉ በጭቃና በብርድ ተሸክመዋቸው ተጓዙ። ሲነጋ አሰላ ከታች ታየች፤ የቤቶቹ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ሁሉም ደረስን ብለው ደስ አላቸው። ነገር ግን ለዓይን ቅርብ የሆነው ለእግር ገና ሩቅ ነበረና ሕመምተኛዋ ከተማው ሳይገቡ በመንገድ ላይ ዐረፉ። አያቴ ይህን ሲናገሩ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለወጣል። እንግዲህ ርቀት ማለት በማስመሪያ የሚለካ ቁጥር ብቻ አለመሆኑን ከመምህሬ በፊት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በስዊድን ሀገር ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው ከመኳንንት ወገን ነበር፤ ኮንት የሚለው ማዕርግም ከዚያ የመጣ ነው። አባታቸው ኮንት ኤሪክ ፎን ሮዘን በአፍሪካ ውስጥ ብዙ የተጓዙ የታወቁ ሀገር አሳሽ ነበሩ። እኒሁ አባት በ1910 ዓ.ም. ነጻነቷን ላወጀችው ለፊንላንድ አንድ አይሮፕላን በስጦታ ሰጥተዋል፤ የፊንላንድ አየር ኃይል ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ስጦታ ነው። ስለዚህ ልጁ አይሮፕላንን የዘመኑ ልጆች እንደሚያውቁት ከሩቅ ብቻ ሳይሆን ከቤተ ሰብ ጨዋታ ጋር እየሰሙ አደጉ።

በዚሁ ቤት ታሪክ ውስጥ አንድ የጨለመ ነገርም አለ። የእናታቸው እኅት በኋላ ከናዚ ጀርመን ዋና ዋና ሹማምንት አንዱ የሆነውን ኸርማን ጎሪንግን አግብተው ነበር። አባታቸውም ለጀርመኑ ሥርዓት ወዳጅነት ያሳዩ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን በዚያ መንገድ አልሄዱም። ሰው ዘመዱን መርጦ አይወለድም፤ መንገዱን ግን ይመርጣል። የእኒህም ሰው ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው።

ፎን ሮዘን ገና ወጣት ሳሉ አይሮፕላን መንዳት ተምረው፣ በየከተማው እየዞረ በሰማይ ላይ ትርዒት ከሚያሳይ ቡድን ጋር ይበሩ ነበር። አይሮፕላኑን ወደ ላይ ማስወንጨፍ፣ ማገለባበጥና ከሣር ሜዳ ላይ በአጭር ርቀት ማረፍ የዚያ ሥራ ዋና ጥበብ ነው። ለጊዜው ጨዋታ ብቻ መስሎ የታየው ይህ ችሎታ በኋላ የብዙ ሰው ሕይወት የሚድንበት መሣሪያ ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን በግፍ በወረረች ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ፎን ሮዘንም በ26 ዓመታቸው የቀይ መስቀል የአይሮፕላን ነጂ ሆነው መጡ። በዚያን ጊዜ በሀገራችን ደኅና የመኪና መንገድ ጥቂት ነበር። በደቡብ ግንባር በራስ ደስታ ዳምጠው ሥር የሚዋጋው ሠራዊት ከአዲስ አበባ እጅግ ርቆ በዶሎ አቅጣጫ ነበረ። እኔ በካርታው ላይ ማስመሪያዬን ከአዲስ አበባ እስከ ዶሎ ባስቀመጥሁ ጊዜ መስመሩ በእኛው በአርሲ ተራሮች ላይ አልፎ ሲሄድ አየሁ። በእግርና በበቅሎ ለሚሄድ ሰው ይህ የብዙ ሳምንት ጉዞ ነው፤ ለአይሮፕላን ግን የጥቂት ሰዓታት መንገድ ነው። ቁስለኛ ለሆነ ሰው በሳምንትና በሰዓት መካከል ያለው ልዩነት በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡት። በድንኳኖቹ ላይ የቀይ መስቀሉ ምልክት ይታይ ነበር። በአልጋ ላይ የነበሩ ብዙ ቁስለኞች ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑ ጉናር ሉንድስትሮም የተባሉት ሕይወታቸውን አጡ፤ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቆሰሉ። ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ ዘንድ ታላቅ ቁጣ አስነሣ። ወጣቱ የአይሮፕላን ነጂ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። በመጋቢት ወር ደግሞ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የሆኑትን ስዊሳዊውን ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ወደ ሰሜን ግንባር ወደ ኮረም በረሩ። እዚያም ሳሉ የጠላት አይሮፕላኖች መሬት ላይ ቆሞ የነበረውን የቀይ መስቀል አይሮፕላን አቃጠሉት፤ ሰዎቹ ግን ተረፉ። ፎን ሮዘን በዚህ ጦርነት የመርዝ ጋዝ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ሕዝብ መከራ የሰሙ ብቻ ሳይሆን በገላቸው ላይ የቀመሱ ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ ተመልሰው በኔዘርላንድ አየር መንገድ የመንገደኞች አይሮፕላን ነጂ ሆነው ተቀጠሩ። ይህ ጥሩ ደመወዝና ጸጥ ያለ ኑሮ የሚገኝበት ሥራ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወጋች ጊዜ ግን ሥራቸውን ትተው ለፊንላንድ ለመዋጋት ሄዱ፤ አንድ የመንገደኞች ማመላለሻ አይሮፕላንም ለቦምብ ጣይነት ተለውጦ በእርሳቸው ነጂነት በረረ። ቀጥሎም ጀርመንን ለመዋጋት ወደ እንግሊዝ አየር ኃይል ለመግባት ጠይቀው ነበር፤ ነገር ግን በጎሪንግ ዝምድና ምክንያት እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። ጎሪንግን ሊወጉ ፈልገው በጎሪንግ ዝምድና መከልከላቸው ከሕይወታቸው መራራ ነገሮች አንዱ ነው።

ጦርነቱ እንዳለቀ ኢትዮጵያ ከአምስቱ ዓመት መከራ ወጥታ አየር ኃይሏንና አየር መንገዷን እንደ ገና ለማቋቋም ትደክም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያው ዘመን ለአየር ኃይሉ የስዊድን መምህራንና መካኒኮች ተጠሩ፤ ፎን ሮዘንም ዋና አሠልጣኝ ሆነው እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ አሥር ዓመት ያህል አገለገሉ። የማሠልጠኛው ቦታ ቢሾፍቱ ነበር። ከአሰላ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው ሁሉ ቢሾፍቱን አልፎ የሚሄድ ስለ ሆነ የአየር ኃይሉ ሰፈር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚያ ሜዳ ላይ የኢትዮጵያ ልጆች ለመማሪያ በምታገለግለው በትንሿ ሳፊር አይሮፕላን ጀምረው ወደ ትላልቆቹ የጦር አይሮፕላኖች ይሸጋገሩ ነበር።

አሁን ወደ ቤት ሥራዬ እመለሳለሁ። በግንቦት መባቻ በ1939 ዓ.ም. ፎን ሮዘን አንዲት ሳፊር አይሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥተው መካከል ላይ ሳያርፉ አዲስ አበባ ደረሱ። የበረሩት ርቀት 6,220 ኪሎ ሜትር፣ የፈጀባቸውም ጊዜ 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር። ሳፊር ማለት ሰንፔር የተባለው የከበረ ድንጋይ ስም ነው። አይሮፕላኗ አንድ ሞተርና ሦስት መቀመጫ ብቻ የነበራት ሲሆን፣ ለእንዲህ ያለው ጉዞ ከተለመደው እጅግ የበለጠ ቤንዚን መጫን ነበረባት። በመንገድ ላይ የባልቲክን ባሕር፣ የአውሮፓን ምድር፣ የሜዲትራኒያንን ባሕርና የሰሜን አፍሪካን በረሃ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ሞተሩ አንድ ብቻ ስለ ሆነ እርሱ ከቆመ ሌላ ረዳት የለም።

አንባቢዎች ጊዜውን በደንብ እንዲረዱት በሀገራችን ሰዓት ልግለጸው። አንድ ሰው ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ደግሞም በማግስቱ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ድረስ መሪውን ሳይለቅ ቢቀመጥ ይህን ያህል ጊዜ ይሆናል። እኛ ተማሪዎች ለፈተና አንድ ሌሊት ስናድር በማግስቱ ዓይናችን ይደፈናል። እኒህ ሰው ግን አንድ ቀን ተኩል ያህል በሞተር ጩኸት ውስጥ የነፋሱን፣ የቤንዚኑንና የአቅጣጫውን ነገር እየተከታተሉ ነበር።

ርቀቱን በጊዜው ስናካፍለው በሰዓት 201 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ በመኪና መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአየር ላይ በቀጥታ ቢሄዱ ግን 125 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሳፊር ይህን 40 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ትጨርሰው ነበር። በሌላ ወገን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር የዛሬው ጄት አይሮፕላን ያንኑ 6,220 ኪሎ ሜትር በ7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈጽመዋል። እንግዲህ ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ ያለው ምድር አልጠበበም፤ የጠበበው ጊዜው ነው።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልናዘዝ። መጀመሪያ ርቀቱን በግድግዳው ካርታ ላይ በማስመሪያ ስለካ የተጋነነ ቁጥር አገኘሁ። መምህራችን ግን ጠፍጣፋ ካርታ የሰሜኑን ሀገር ለጥጦ የሚያሳይ መሆኑን ገልጸው፣ ክብ የሆነውን የመሬት ምሳሌ አምጥተው በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር እንድወጥር አደረጉኝ። በዚህ አኳኋን ሲለካ አጭሩ መንገድ 5,860 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፎን ሮዘን የበረሩት ከዚህ 360 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ምክንያቱን ለማወቅ አያስቸግርም። የአይሮፕላን ነጂ እንደ ክር ተወጥሮ ሊሄድ አይችልም፤ ከፍ ያለ ተራራ፣ ማዕበል፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ የሚታለፍባቸው ሀገሮች ሁኔታ መንገዱን ያጣምሙታል። አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ የሚሄዱበት መንገድ አይደለም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ስቶክሆልም በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለ ሆነች አየሯ ወፍራም ነው፤ አይሮፕላንም ሸክሟ ቢበዛ በወፍራም አየር ላይ ክንፏ በደንብ ይደገፋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች አየሯ ስስ ነው። ሳፊር ከታች ቤንዚን ሞልታ ከባድ ሆና ተነሥታ፣ ከላይ ቤንዚኗን ጨርሳ ቀላል ሆና ዐረፈች። ጉዞው ተገላብጦ ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ቤንዚን ይዞ ከስሱ አየር ውስጥ መነሣት እጅግ ይከብድ ነበር። በደጋ የምንኖር የአርሲ ልጆችም ይህን ነገር በራሳችን ሳንባ እናውቀዋለን፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ አሰላ ሲገባ በዳገቷ ላይ ቶሎ የሚተነፍሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፎን ሮዘን በ1948 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሥራቸው ተሰናብተው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በኮንጎ ሁከት በተነሣ ጊዜ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሚሠራ የስዊድን አየር መንገድ ውስጥ ያገለግሉ ነበር፤ ዋና ጸሐፊውን ዳግ ሐመርሾልድንም ካገለገሉት ነጂዎች ወገን ነበሩ። መስከረም 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊው በንዶላ አጠገብ በአይሮፕላን አደጋ ሲሞቱ ፎን ሮዘን ታመው ስለ ነበር በዚያ በረራ ላይ አልነበሩም።

አሁን ወደ ታሪካቸው አስቸጋሪ ክፍል ደርሻለሁ። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው መልካሙን ብቻ መርጦ ቢጽፍ አንባቢውን ያታልላል። በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ተገንጥላ የነበረችው ቢያፍራ በጦር ተከብባ ሕዝቧ፣ ይልቁንም ሕፃናቷ፣ በረኃብ ያልቁ ነበር። በነሐሴ ወር 1960 ዓ.ም. ፎን ሮዘን እርዳታ የጫነ ትልቅ አይሮፕላን ይዘው፣ የዛፎቹን ጫፍ እየታከኩ ዝቅ ብለው በመብረር ከበባውን ጥሰው ገቡ። ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ ተመሰገነ። በዓመቱ፣ በግንቦት ወር 1961 ዓ.ም. ግን ሮኬት የተገጠመላቸውን አምስት ትናንሽ አይሮፕላኖች ይዘው ከቢያፍራ ወገን ሆነው በናይጄሪያ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ጥቃት አደረሱ።

ስለዚህ ሥራ ሰዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም። የተራቡትን ከሰማይ የሚደበድቡ አይሮፕላኖችን መሬት ላይ ማጥፋት ራሱ ርኅራኄ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ በሰው ሀገር ጦርነት ገብቶ መሣሪያ ማንሣት ጦርነቱን ከማራዘምና ሞትን ከማብዛት በቀር ሌላ ፍሬ የለውም ይላሉ። ይህን ጉዳይ በክፍላችን ስንከራከርበት ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። በእኔ አስተያየት በመልካ ዲዳና በኮረም የቀይ መስቀል ምልክት በቦምብ ሲቃጠል በዓይኑ ያየ ሰው መድኃኒት ብቻ መያዝ በቂ መስሎ ባይታየው አይደንቅም። ነገር ግን ምክንያቱን መረዳት አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን ማጽደቅ ሌላ ነገር ነው። እኔ የመጀመሪያውን አደርጋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ለማድረግ አልደፍርም።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በሌሎችም ቦታዎች ጽኑ ረኃብ ደረሰ። የወሎን ደጋ ያየ ሰው እንደሚያውቀው በገደል የተከበቡ አምባዎች አሉ፤ መኪና አይደርስባቸውም፤ የጭነት ከብትም በረኃቡ አልቆ ነበር። እህሉ በከተማ ተከምሮ ሳለ የተራበው ሰው በተራራው ላይ ይሞት ነበር። ፎን ሮዘን ስልሳ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ተመልሰው መጡ። በቢያፍራ የበረሩባቸውን በመሰሉ ትናንሽ አይሮፕላኖች፣ ከክንፋቸው ሥር የእህል ከረጢት ተንጠልጥሎ፣ በሸለቆዎቹ መካከል ዝቅ ብለው እየበረሩ ለሕዝቡ ይጥሉ ነበር። በቢያፍራ ሮኬት የተንጠለጠለበት ቦታ በወሎ እህል ተንጠለጠለበት። እኔ ከሕይወታቸው ሁሉ ይህን እጅግ አከብራለሁ። በወጣትነታቸው በትርዒት ላይ የተማሩት ዝቅ ብሎ የመብረር ጥበብም በእርጅናቸው ዋና ዋጋውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ለማስላት የሚወድ ተማሪ ይህን ልብ ይበል። ከአንድ የመኪና መንገድ እስከ አንድ አምባ በካርታ ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ይህ ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ ካለው ርቀት ከሦስት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን እህሉ ያልደረሰው በ6,220ው ኪሎ ሜትር ላይ ሳይሆን በመጨረሻው ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። የአያቴም እኅት የሞቱት ከሩቅ ሀገር ሐኪም ስላልመጣ አይደለም፤ ሐኪሙ ካለበት ከተማ እስከ ቀበሌያቸው ያለውን አጭር መንገድ የሚያሻግር ነገር ስላልነበረ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ፎን ሮዘን በእርዳታ ሥራ ላይ ሆነው በኦጋዴን በጎዴ ይገኙ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በጎዴ ላይ ድንገተኛ ጥቃት ባደረሰ ጊዜ በመሬት ላይ ሳሉ ተገደሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሰባት ዓመት ነበር። ብዙ ጦርነቶች ያለፉ፣ በበረሃና በማዕበል ላይ የበረሩ ሰው የሞቱት በሰማይ ሳይሆን በምድር ላይ ነው። አስከሬናቸውም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በኢትዮጵያ አፈር ዐረፈ። በ1928 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት እንግዳ ሆነው ወደ መጡባት ሀገር ለዘለዓለም ተመለሱ።

ጎዴ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ዋቢ ሸበሌ ደግሞ ውኃውን የሚያገኘው ከአርሲና ከባሌ ደጋዎች ነው። በክረምት በተራሮቻችን ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከብዙ ቀን በኋላ እኒህ ሰው በሞቱበት ቦታ አጠገብ ያልፋል። ይህን በካርታው ላይ በጣቴ እየተከተልሁ ባየሁ ጊዜ ሩቅ የመሰለኝ ታሪክ ቅርብ ሆነ።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ጓደኞቼም፤ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች ብዙዎቻችን ሩቅ መሄድን እንመኛለን። አንዳንዶቻችን ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቻችንም ከባሕር ማዶ እንሄድ ይሆናል። ሩቅ መመኘት ነውር አይደለም፤ 6,220 ኪሎ ሜትር የበረረ ሰውም በሩቅ ምኞት ጀምሯል። ነገር ግን ከኮንት ፎን ሮዘን ሕይወት የተማርሁት፣ የጉዞ ታላቅነት በርዝመቱ ሳይሆን በመጨረሻው በሚያደርሰው ነገር የሚታወቅ መሆኑን ነው። እርሳቸው ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ በመብረራቸው ስማቸው በጋዜጣ ተጻፈ፤ ከአንድ ሸለቆ ወደ አንድ አምባ እህል ይዘው በመብረራቸው ግን ስማቸውን እንኳ የማያውቁ ሰዎች በልተው አደሩ።

እኔ እግዚአብሔር ቢፈቅድ የጤና ትምህርት ለመማር አስቤአለሁ። ይህንንም ለአያቴ በነገርኋቸው ጊዜ ብዙ አልተናገሩም፤ ወደ ጭላሎ ራስ አሻቅበው ተመልክተው ዝም አሉ። ከቀበሌያቸው እስከ አሰላ ያለው መንገድ በካርታ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ ለክቼ አውቀዋለሁ። በሰዓት ስንት እንደ ሆነ ግን ገና አልተወሰነም፤ እርሱን የሚወስኑት ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች ናቸው።